"ተይ" እያለች ፊቴን ለመለሰችልኝ ሴት

ይሄን ነገር ለመጻፍ ነገ ዛሬ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ዛሬ ጠዋት ግን ፊቴን ታጥቤ ፎጣ ሳስጠጋ አንድም ቦታ ስላልቆጠቆጠኝ በቃ አሁን ካልጻፍኩ መቼም አልጽፍም ብዬ ተቀመጥኩ። የፊት ቆዳ ተንከባካቢ ናት፣ ስሟን እዚ አልጠራም፣ እራሷ ናት "እባክሽ ስሜን እንዳታወጪ፣ ያለኝንም ሰው አልቻልኩትም" ያለችኝ። ግን ስታነበው እሷ መሆኗን ታውቃለች።

የኔ ቆዳ ድሮም ቁጡ ነው። ነፋስ ይቆጣዋል፣ ላብ ይቆጣዋል፣ የትራስ ልብስ የታጠበበት ሳሙና ሁሉ ይቆጣዋል። ቆዳዬ ሴንሲቲቭ ነው ስትሉ ቅብጠት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ ኧረ ባካችሁ፣ ባዶ ውሃ ፊታችሁን ሲያቃጥላችሁ እንነጋገራለን። እና እኔ ደሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ምን አደረኩ፣ ጠዋት አረፋ በአረፋ የሚሆን መታጠቢያ፣ ከሱ ቶነር፣ ከሱ ቫይታሚን ሲ፣ ማታ ሬቲኖል (ቆዳ ያድሳል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ቅባት)፣ በሳምንት ሁለቴ ስክራብ፣ አንዱ ሲያቃጥለኝ እሱን ያበርዳል የተባለ ሌላ እገዛለሁ፣ እሱም በተራው ያቃጥለኛል፣ እንዲ እንዲ እያልኩ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ፌሻል ገባሁና የላይኛውን ቆዳ የሚያነሳ አሲድ ቀቡኝ። "ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ እየሰራ ነው ማለት ነው" ተባልኩ፣ እኔም ጀግና መስዬ ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ። በማግስቱ ጉንጬ እሳት የላሰው መሰለ፣ ከዛ ተላጠ፣ ከስሩ የወጣው ደሞ ጥቁር። ተመልሼ ሳሳያቸው "አልቀላም እኮ፣ ምንም የለሽም" አሉኝ።

ጓደኛዬ ናት እሷ ጋ የላከችኝ፣ የምትቀቢውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ ብላ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ባንድ ደረደረቻቸው። አስራ አንድ! እኔ እራሴ ደነገጥኩ። መነጽሯን አድርጋ የፊቱን ትልቅ ጽሁፍ ዞር ብላም ሳታየው ከጀርባ ያለችውን የጉንዳን እግር የምታክል ጽሁፍ ማንበብ ጀመረች። አንዱን ከፍታ አሸተተች፣ ምንም ሳትናገር ወደ ግራ። ሁለተኛውም ወደ ግራ። ዘጠኙ ግራ ሄዱ። "የግራዎቹ ምን ሆነው ነው?" ስላት "እረፍት ወጥተዋል" አለችኝ። ሳቅኩኝ፣ ስስቅ ደሞ ጉንጬ ተወጥሮ አመመኝ፣ ይሄኔ ነው ቀና ብላ በደንብ ያየችኝ።

የእጇን ጀርባ ጉንጬ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፣ ከዛ አንገቴ ላይ፣ ከዛ ተመልሳ ጉንጬ ላይ። "ይሄ ይሞቃል" አለች። ለካ ጠየም ያለ ቆዳ ሲቆጣ ሁሌ ቀይ ሆኖ አይታይም፣ ወይ ወደ ሐምራዊ ወይ ወደ ግራጫ ይሄዳል ወይ ዝም ብሎ ይጠቁራል፣ ስለዚ እሷ በአይን ብቻ አታምንም፣ ትዳስሳለች፣ ትጠይቃለች። ያ የተላጠው ቦታ መጥቆሩም የቁጣው አሻራ ነው፣ ለመጥፋት ወራት ይፈጃል፣ ቶሎ ላጥፋው ብለሽ ከፈተግሽው ይብስብሻል አለችኝ። እንደዚ በግልጽ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዛ ነገሩን ስታስረዳኝ፣ የቆዳ የላይኛው ንጣፍ እንደ ግንብ ነው አለች፣ ሴሎቹ ድንጋይ፣ በመሃል ያለው ቅባት (ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮል፣ ፋቲ አሲድ) ማያያዣው ጭቃ። አንቺ ጭቃውን አጥበሽ ጨርሰሽዋል፣ ስለዚ የውስጡ ውሃ ይወጣል፣ የውጪው ሁሉ ይገባል። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ነው፣ ተራ ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። እኔ እኮ ታጥቤ ፊቴ ካልተወጠረ የጸዳ አይመስለኝም ነበር፣ ለካ ያ መወጠር እራሱ አቤቱታ ነው።

የሰጠችኝ ነገር ሲሰማ ያስቃል። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ፣ ሽቶ ያልገባበት ክሬም፣ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ)። ማታ አረፋ የማያበዛ ለስላሳ ክሌንዘር፣ ያው የጠዋቱ ክሬም ፊት ሳይደርቅ፣ የተላጠው ላይ ስስ ቫዝሊን። አለቀ። ቫዝሊን ስትለኝ ፊቴን አጨማድጄ ነበር፣ እኔ ስንት ሴረም ያሳለፍኩ ሴት! እሷ ግን ምስር የምታክል ወስዳ በሁለት ጣቷ መሃል እስኪሞቅ አሸችና ፊቴ ላይ ሳትጎትት ጫን፣ ጫን፣ ጫን አደረገችው፣ ህጻን ሲያስተኙ ጀርባውን መታ መታ እንደሚያደርጉት። እስካሁን እንደዛ ነው የማደርገው። ሰንስክሪኑን ደሞ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ኤስፒኤፍ 30 ቀለም የገባበት አለችኝ፣ ቀለሙ ለማማር ብቻ አይደለም፣ በውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል፣ ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረው ደሞ እሱም ጭምር ነው፣ ነጩ ሰንስክሪን ላይ እንደሚሆነው አመድ የነካኝም አልመሰልኩም።

"አንድ ወር ምንም አዲስ ነገር የለም" ብላ ሰደደችኝ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፊቴ ትንሽ ሲረጋ እጄ አላርፍ አለ፣ ሬቲኖሏን ብቻ ለአንድ ማታ ልሞክር? ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ "ተይ"። በሶስተኛው ሳምንት ፊት ላይ የሚቀባ ማስክ ፎቶ ላኩላት። "ተይ"። ሌላ ቃል የላትም እንዴ ብዬ ተናድጄባት ነበር። ወሩ ሲያልቅ አዲስ ነገር ስትፈልጊ መጀመሪያ ክርንሽ መታጠፊያ ላይ፣ የሳንቲም ያህል ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀብተሽ ምንም ካልሆነ ፊትሽ ላይ አለችኝ።

ግን እኔ በጣም ያከበርኳት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አይኔ ቆብ ላይ አንድ የሚያሳክክ ሽፍታ ነበረኝ፣ እሱን ልትነካው አልፈለገችም። "ይቺ የኔ ስራ አይደለችም፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ" አለችኝ፣ ስንቱ እኮ ዝም ብሎ የሆነ ክሬም ይለጥፍልሻል። ሄድኩ፣ ምን እንደሚቆጣኝ ለማየት ጀርባዬ ላይ ትንንሽ የአለርጂ መመርመሪያ ፓች ለጠፉልኝ፣ 48 ሰአት ጀርባሽ ውሃ እንዳይነካው ተባልኩ፣ ተነስቶ ታየ፣ በ96 ሰአት ላይ ደሞ ደግመው አዩት። ሽቶ! ለሽቶ አለርጂክ ነኝ። የሚገርመው ደሞ ከሁሉም የማምነው አበባ የተሳለበት "ናቹራል" የሚለው ዘይት ነበር፣ የላቬንደር ዘይትም ያው ሽቶ ነው ለካ። እሷም ጋ ተመልሼ ስነግራት "ሽታ አልባ" የሚለውና "ሽቶ ያልገባበት" የሚለው አንድ እንዳልሆነ አሳየችኝ፣ የመጀመሪያው ሽታውን ለመደበቅ ሌላ ሽቶ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ጀርባውን አንብቡ። "ሃይፖአለርጂኒክ" (አለርጂ አያስነሳም ለማለት ነው) የሚለው ቃልም እንዳያታልላችሁ፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ በ1975 ለቃሉ ደንብ አውጥቶለት ነበር፣ በ1977 ፍርድ ቤት ሻረው፣ እስከዛሬ እዛ አገር ቃሉ ህጋዊ ትርጉም የለውም።

እንከን የላትም አልልም። ታስጠብቃለች፣ አንዷ ፊት ላይ ስትመራመር የቀጠሮ ሰአት የሚባል አታውቅም። አፏም አይጣፍጥም፣ "ይሄን የገዛሽው ጠርሙሱን አይተሽ ነው" ትላለች ፊት ለፊት፣ እውነቷን ስለሆነ ምንም አትመልሱላትም። ሰርጌ ከሶስት ቀን በኋላ ነው አብሪኝ የምትሉ ደሞ አትሂዱ፣ አታበራችሁም፣ መልሳ ነው የምትሸኛችሁ። እስካሁን አንድ ነገር እንኳን አልሸጠችልኝም።

የምትፈልጓት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሷን ጠይቄ ቦታ ሲኖራት እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ሜካፕ ሳትቀቡ፣ የምትጠቀሙትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ የተደበቀችውን ክሬም ጭምር፣ ትደርስባታለች።