ባሪቶን ጊታሬን ለቃኙልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው ምስጋና ስላለብኝ ነው። ደግሞም በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ጊታር የምትጫወቱ ልጆች ለማን እንደምታሠሩት ስትቸገሩ ስለማይ ነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ተቸግሬበታለሁ።

ሰውየው የአገራችን ሰው ናቸው። ታኮማ ፓርክ፣ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ማስታወቂያ የላቸውም፣ በር ላይም የተሰቀለ ነገር የለም። «ስሜን አትጻፍ፤ የሚፈልገኝ ካለ ስልኬን ካንተ ይውሰድ» ስላሉኝ እዚህ ጋሼ እያልኩ ብቻ ነው የምጠራቸው። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፄ ወፍራም ነው። ትዝታ እወዳለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ስንሰበሰብም የምዘፍነው እሱን ነው። ጣቶቼ የለመዱት በጂ ድምፅ የሚነሳውን አቀማመጥ ነው። በዚያ ስጫወት ግን ዜማው ከፍ ሲል ድምፄ ይሰነጠቃል። ካፖ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ክሮቹን ተጭኖ የሚይዘውን መቆንጠጫ፣ አድርግ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ካፖ ወደ ላይ ነው የሚወስደው። ወደ ታች የሚወስድ ካፖ የለም።

ባሪቶን ጊታር ለዚህ የሚሆን ነው። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አካሉ እንደ ተራው አኮስቲክ ጊታር ነው፣ የክሩ ርዝመት ግን ይበልጣል። በተራው ጊታር ከአናት እስከ ብሪጅ፣ ደረቱ ላይ ክሮቹ እስከሚታሰሩበት፣ 25 ኢንች ተኩል ገደማ ነው። ባሪቶን አብዛኛውን ጊዜ ከ27 እስከ 30 ኢንች ይሆናል። ተራው ጊታር ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል። በባሪቶን የተለመደው ቅኝት ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ነው። አምስት ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች) ያህል ወርዷል ማለት ነው። የጣት አቀማመጡ ያው ነው። ጂ ብላችሁ ስትይዙ የሚወጣው ዲ ነው። 5ኛው ፍሬት ላይ ካፖ ካደረጋችሁበት ተመልሶ እንደ ተራ ጊታር ይቃኛል። በኤ የሚቃኙትም አሉ፣ እሱ ከዚህም ሁለት ፍሬት ይወርዳል።

እኔ ባሪቶንን ያወቅሁት በአሜሪካዊው የጃዝ ጊታር ተጫዋች በፓት ሜትኒ ነው። በ2003 ያወጣው የብቸኛ ጊታር አልበም አለ። ካናዳዊቷ ጊታር ሠሪ ሊንዳ ማንዘር በሠራችለት አኮስቲክ ባሪቶን የተቀዳ ነው። ሌሊት ሰምቼው ጠዋት ሥራ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ይህ ነገር ለትዝታ ነው የተፈጠረው አልኩ።

ገንዘብ አጠራቅሜ ያገለገለ ባሪቶን ገዛሁ። 27 ኢንች ነው፣ ሲታይ ያምራል። ቤት አምጥቼ ወፍራሙን ክር ስመታው ጥዝዝ አለ። እንደ ንብ። ኮርድ ስይዝ ደግሞ ታች ልክ የነበረው ላይ ሲደርስ ይዛባል። አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሦስት ቀን አስቀምጠው፣ 110 ዶላር ተቀብለው፣ «ባሪቶን እንዲህ ነው» ብለው መለሱልኝ። ቤት ስደርስ ያው ነው። ሳጥኑን ዘግቼ አልጋ ሥር አስገባሁት። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ከረመ።

ከዚያ አንድ ክራር የሚጫወት ወዳጄ ወደ ጋሼ ላከኝ።

ስገባ ጊታሩን አልከፈቱትም። ሳጥኑን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ሻይ ቀድተውልኝ፣ «እስቲ መጀመሪያ ዝፈንልኝ» አሉኝ።

«እዚህ?» አልኳቸው።

«ታዲያ የት? ጊታሩ አንተን ሊያጅብ አይደል እንዴ። አንተን ሳልሰማ እሱን ምን ብዬ ልንካው?»

ዘፈንኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከግድግዳው ላይ ክራር አወረዱ፣ አንድ ክር እየነኩ ድምፄን ፈለጉት። ከፍ አደረጉኝ፣ ዝቅ አደረጉኝ። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ድምፅህ የሚያርፈው እዚህ ነው፣ ዲ ላይ። ጣትህ የለመደው ጂ ነው። በቢ ቅኝት ጂ ስትይዝ ዲ ይወጣል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

እኔ ደግሞ ልቤ ኤ ቅኝት ላይ ነበር። ዝቅ ባለ ቁጥር የሚያምር ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ግን በኤ ጂ ስይዝ ሲ እንደሚወጣና ለድምፄ ከልክ በላይ እንደሚወርድ አሳዩኝ። «በዚህ ርዝመት በኤ የሚቃኙ አሉ፣ ይቻላል» አሉ። «እጃቸው ግን ለስላሳ ነው። አንተ ክር ትመታለህ። ስትመታው ይወዛወዝብሃል።» እውነታቸውን ነው፣ እኔ ክር እመታለሁ። አንድ ዘፈን ሰምተው ይህን ማወቃቸው ገረመኝ።

ሳጥኑን የከፈቱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጊታሩን አወጡና በአንገቱ ጠርዝ ላይ አውራ ጣታቸውን አስኬዱ። «ና፣ ዳብሰው» አሉኝ። የፍሬቶቹ ጫፎች እንደ መጋዝ ጥርስ ወጥተዋል። እንጨቱ ደርቆ ሲሰበሰብ ብረቱ ባለበት ይቀራል። ከዚያ ቀጥ ያለች ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋደሙ፣ በድምፅ ቀዳዳው በኩል ብርሃን አሳዩኝ። የጊታሩ ደረት ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። የክረምቱ ማሞቂያ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያስገቡት የእርጥበት መለኪያ 27 በመቶ አለ። አኮስቲክ ጊታር ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን ነው የሚመቸው። ደረቱ ሲሰረጉድ ክሮቹ ወደ ፍሬቱ ይጠጋሉ፣ ሲጠጉ ጥዝዝ ይላሉ።

«ውሃ ጠምቶታል» አሉኝ። «ዛሬ ብሠራው በበጋ ተመልሶ ይበላሻል። መጀመሪያ ይጠጣ።» አሥር ቀን እርጥበቱ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ለዚህ ሳንቲም አላስከፈሉኝም። ያ ሱቅ ይህን አላየም፣ ወይ አይቶ አልነገረኝም።

ስመለስ ደረቱ ተነስቷል። ጥዝዝታው ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ሁለተኛው ችግር ክሩ ነበር። የተገጠመለት ለተራ ጊታር የሚሆን፣ ከ12 እስከ 53 የሚባለው ነው። ጋሼ እርሳስ አንስተው ካርቶን ላይ አስረዱኝ። ያንኑ ክር በዚያው ርዝመት አምስት ፍሬት ያህል ዝቅ ብታደርገው፣ ውጥረቱ ከ100 ወደ 56 ይወርዳል። 27 ኢንች መሆኑ ትንሽ ያግዛል፣ ወደ 63 ያወጣዋል። አሁንም ልል ነው። ልል ክር ሰፊ ቦታ ይዞ ነው የሚወዛወዘው፣ ስለዚህ ፍሬቱን ይነካል። መፍትሔው ወፍራም ክር ነው። ለባሪቶን የሚሸጠው ከ16 እስከ 70 ነው። ቁጥሩ የኢንች ሺኛ ነው፣ 70 ማለት አንድ ሚሊሜትር ከሦስት ሩብ በላይ ነው። በእጄ ስይዘው ሽቦ ነው የመሰለኝ።

ወፍራም ክር ዝም ብሎ አይገጠምም። አናቱ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ አጥንት አለች፣ ነት የምንላት። የእሷ ቦዮች ለቀጭን ክር የተቆረጡ ናቸው። ይህን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ቀጭን ሞረድ አላቸው፣ ለእያንዳንዱ ክር ሌላ ሌላ። ሁለት ጊዜ ይሞርዳሉ። እፍ ይላሉ። ክሩን መልሰው ያስገባሉ፣ መቃኛውን በትንሹ ያዞራሉ፣ ጆሯቸውን አናቱ ላይ ያስጠጋሉ። ክሩ ጥብቅ ብሎ ከተያዘ «ጢን» የምትል ድምፅ አለች። እሷን ከሰሙ እንደገና ሁለት ጊዜ ይሞርዳሉ። በአንድ ክር ላይ ይህን ሰባት ወይ ስምንት ጊዜ አደረጉ። መጨረሻ ላይ እርሳስ ፍቀው ጥቁሩን ዱቄት ቦዩ ውስጥ ነሰነሱበት፣ ክሩ እንዲንሸራተት። ከዚያ ወዲህ ጊታሬ ቅኝቱን ይዞ ያመሻል።

የመዛባቱ ነገር ደግሞ ብሪጁ ላይ ነበር። 12ኛው ፍሬት የክሩ ግማሽ ነው። እዚያ ስትጫኑ የሚወጣው ድምፅ ልክ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መሆን አለበት። የኔ ከዚያ ያልፍ ነበር። ወፍራም ክር ሲጫኑት ድምፁ የበለጠ ከፍ ስለሚል፣ ብሪጁ ላይ የሚያርፍበት ነጥብ ወደኋላ መሸሽ አለበት። ጋሼ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ሳድል ከአጥንት አዲስ ቀረጹ፣ የታችኛውን ክር ማረፊያ ወደኋላ ገፉት። አሁን ታችም ላይም ልክ ነው።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አናቱ ላይ የምሰካው ቱነር (የቅኝት መለኪያ)፣ ታችኛውን ቢ ስመታ ኤፍ ሻርፕ ይለኛል። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ጋሼ ግን ክሩ ብቻውን አንድ ድምፅ እንደማይሰጥ ነገሩኝ። ቢ ስትመታ ከላዩ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ፣ ከነሱ ሁለተኛው ኤፍ ሻርፕ ነው። ታችኛው ቢ 62 ኸርዝ ገደማ ነው፣ በሰከንድ 62 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የአኮስቲክ ጊታር ሆድ ውስጥ ያለው አየር ደህና አድርጎ የሚያስተጋባው 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከጊታሩ የሚወጣው መሠረቱ ትንሽ፣ የላዩ ብዙ ነው። ቱነሩ የላዩን ይዞ ይሳሳታል። የሰው ጆሮ ግን የላዮቹን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። መላው ቀላል ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ጫፍ ነክታችሁ ምቱትና በሚወጣው ቀጭን ድምፅ ቃኙ። ቱነሩ አይሳሳትም።

ጊታሩ ሲያልቅ አጨዋወቴንም አርመውልኛል። ይህ የሥራቸው አካል አልነበረም። እንደ ልማዴ ስድስቱንም ክር ስመታ ድምፁ ድብልቅልቅ ይላል። «እዚህ ታች ድምፆቹ ሲጠጋጉ ይጣላሉ» አሉኝ። ታች ላይ አንዱን መነሻ ድምፅ ብቻ፣ ቢበዛ አምስተኛውን ወይም ኦክታቩን ጨምር፤ ሌላውን ላይኞቹ ክሮች ላይ አድርገው። ትዝታ ማይነር ስትጫወት ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡ አሉ፤ እነሱን ታች ላይ አንድ ላይ አታሰማቸው። አደረግሁት። ታችኛው ክር አንዴ ተመትቶ እየቆየ፣ ከላዩ ዜማው ጥርት ብሎ ወጣ። ዘፈንኩበት። ድምፄ አልተሰነጠቀም። ጋሼ ሞረዳቸውን አስቀምጠው እጃቸውን የጊታሩ ጀርባ ላይ አደረጉና እስክጨርስ አላነሱትም።

ለአዲስ አበባዋ እህቴ በስልክ ቀድቼ ላክሁላት። «ያው ጊታር ነው፣ ምኑ ተለወጠ?» አለችኝ። የስልክ ድምፅ ማውጫ 62 ኸርዝን አያወጣም። ጆሮ ማዳመጫ አድርጊ አልኳት። ጥቂት ቆይታ ደወለች። «አሁን ገባኝ» አለች። «ሁዳዴ ሁዳዴ ይላል።» በጾሙ ወራት ቤታችን በሬዲዮ በገና ይሰማ ነበር፣ እሱን ማለቷ ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። በገናን ጥዝዝ የሚያደርገው በየክሩ ሥር የሚገባው ቆዳ፣ እንዚራው ነው አሉኝ። እዚያ ጥዝዝታው ተፈልጎ ነው የሚገባው። «አንተ ጥልቀቱን አገኘህ፣ ጥዝዝታውን ተውነው» አሉ።

የጠየቁኝ 140 ዶላር ነው። አዲሱ ሳድልና የሁለቱ ቀን ሥራ በሙሉ በዚያ ውስጥ ነው። ክሩን በገዙበት ዋጋ ነው የሰጡኝ፣ ደረሰኙን አሳይተውኛል። ልጨምርላቸው ብል አልተቀበሉም። «በበጋ አንዴ አምጣው፣ አየሩ ሲለወጥ አንገቱን አየዋለሁ» አሉኝ። ወስጄው ነበር። አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ሩብ ዙር አዞሩ፣ ምንም አላስከፈሉኝም።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ አስባለሁ። እጅዎ ይባረክ። ክረምቱን ሙሉ አልጋ ሥር የተኛ ጊታር አሁን በየማታው ይወጣል።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚቀበሉት፣ ቀድማችሁ ደውሉ። ባሪቶን ብቻ አይደለም፣ ተራ ጊታርም ክራርም ይሠራሉ። አይቸኩሉም፣ ስለዚህ ነገ መድረክ ካላችሁ ዛሬ አትውሰዱላቸው። ጊታሩን ከነሳጥኑ ያዙ፣ የነበረውን ክርም አትፍቱት፣ እንዳለ ማየት ይፈልጋሉ። አንድ ዘፈን ደግሞ ተዘጋጁ። ሻዩ ሳያልቅ ዝፈኑ ይሏችኋል።