ከራንፍላት በኋላ፦ ከሱማሌ ተራ የገዛሁት ኮምፕሬሰር፣ የቱብለስ መለጠፊያና ጣሳው

ኮዬ ፈጬ እየኖሩ ቢኤምደብሊው መንዳት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። መኪናዋ ከወንድሜ የተላለፈችልኝ አሮጌ ኢ90 ናት፣ አትፍረዱብኝ። ራንፍላቱን አውጥቼ ተራ ጎማ ካስገባሁ በኋላ ምን መያዝ እንዳለበት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ የገዛሁትን ዕቃ ልገምግም።

ለማያውቅ፦ ራንፍላት ጎኑ በጣም የጠነከረ ጎማ ነው። ነፋሱ ጨርሶ ቢወጣም በሰዓት ከ80 ሳታልፉ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳችኋል። ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን ብትይዙ አዳማ ለመድረስ ምንም አይቀራችሁም። ፋብሪካው በዚህ ተማምኖ ስኮርታ አይሰጥም፣ ክሪክም የለም። ግን ያ ጠንካራ ጎን ኮብልስቶን ላይ ወገብ ይቆርጣል፣ ጉድጓድ ሲመታ ያብጣል፣ የሰፈር ጎሚስታም በእጁ ፈልቅቆ ለማውጣት ፍዳውን ያያል። ተራው ጎማ ምቾቱ ሌላ ነው። ከተነፈሰ ግን በቃ፣ ቆማችኋል። እኛ ሰፈር ደግሞ ግንባታው አያልቅም፤ ሚስማርና የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ከመንገዱ ጠፍቶ አያውቅም።

ኮምፕሬሰሯ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ባለ 12 ቮልት ናት። ወድጃታለሁ። ጩኸቷ ሰፈር ያስነሳል፣ ገመዷ ግን እስከ ኋላ ጎማ ይደርሳል፤ ስትገዙ መጀመሪያ ይህንን እዩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ እርሱት። እኛ ያለነው ከባህር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ትወስዳለች። ሞተር አስነስታችሁ ሙሉ፣ ስትግል ደግሞ አሳርፏት። ጌጇን አትመኑ፤ የኔዋ ከጎሚስታው ጌጅ ጋር ስትነጻጸር ከፍ አድርጋ ነው የምታነበው፣ 32 ስትል ገና 29 ነው። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል።

የቱብለስ (ከመነዳሪ የሌለው ጎማ) መለጠፊያው ነው ያኮራኝ። አንድ ማታ የኋላ ጎማዬን ሚስማር በላው፣ ያውም የግንባታ ቦታ በር ላይ። ዘበኛው ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። «አባባ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» እያልኩ ሚስማሩን በፒንሳ ነቀልኩት፣ ሞረድ የመሰለውን ሹል ብረት ቀዳዳው ውስጥ አስገብቼ ወዲያ ወዲህ አሸሁ፣ ከዚያ ቀዳዳውን የሚደፍነውን የላስቲክ ክር ማስቲሽ ቀብቼ በመርፌው ገፍቼ አስገባሁት። እዚህ ላይ ጉልበት ይጠይቃል፣ በሰውነት ክብደት መጫን ነው። መርፌውን በአንዴ መንጭቃችሁ ስታወጡት ክሩ ውስጥ ይቀራል፣ የተረፈውን በምላጭ ትቆርጣላችሁ። ነፋስ ሞላሁና ዘበኛው ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ቀዳዳው ላይ ቀቡት። አረፋ የለም። «ሂድ ልጄ፣ ይዟል» አሉኝ።

በማግስቱ ጎሚስታው ውሃ ውስጥ ነክሮ አየውና «አለቃ፣ ማን ሠራልህ?» አለኝ። ለማንኛውም ከውስጥ አስለጠፍኩት፣ ክሩ ለመንገድ ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ እጀታው ፕላስቲክ ነው፣ ስትጫኑት መዳፍ ውስጥ ይጣመማል። ሱማሌ ተራ ባለ ብረት እጀታ አለ፣ ትንሽ ጨምራችሁ እሱን ውሰዱ።

ጎማው ውስጥ የሚነፋው ፈሳሽ ማሸጊያ ጣሳ ላይ ግን ገንዘብ አታውጡ። ትንሽ ቀዳዳ፣ ያውም መሬት የሚረግጠው ፊቱ ላይ ከሆነ ብቻ ነው የሚሠራው። ቀኑም ያልፍበታል። ጎሚስታዎች ደግሞ ጎማውን ሲከፍቱ አጥሚት የመሰለ ነገር ስለሚፈስባቸው ይጠሉታል፤ የኛው ጣሳውን ሲያይ ፊቱን አጨፍግጎ «እሱን ከነፋህ ሌላ ቦታ ውሰደው» ነው ያለኝ። እስካሁን ክዳኑን አልከፈትኩትም።

ከተቻለ ክርና ኮምፕሬሰር ብቻ ይዛችሁ አትቅሩ። ጎኑ የተቀደደ ጎማን ማንም አይለጥፍላችሁም፣ እዚያ ላይ ስኮርታ ነው የሚያወጣችሁ። የጎረቤት ኮሮላ ስኮርታ ግን አይገባም፦ የኢ90 ቸርኬ ባለ 5 ብሎን ነው፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 120 ሚሊሜትር፣ የኮሮላ ወይ 100 ነው ወይ 114.3፣ የቪትዝ ደግሞ ጭራሽ ባለ 4። ሌላው ነገር፣ ቢኤም ላይ ዳዶ የለም፣ ብሎኑ ራሱ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቸርኬውን በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው ብሎን መግጠም አለባችሁ፣ በጭቃ ደግሞ አስቡት። ብሎናችሁ ባለ ቁልፍ ከሆነ ቁልፉ መኪና ውስጥ መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። ከክሪክ ሥር የምትሆን ቁራጭ ጣውላም ያዙ፣ የኛ ሰፈር አፈር ክረምት ላይ ክሪክ ይውጣል።

ኮምፕሬሰሯ 4 ከ5፣ መለጠፊያው 4፣ ጣሳው 1። ክሪክና ጣውላ አለኝ፣ ስኮርታውን ግን እስካሁን እየፈለግኩ ነው። 17 ኢንች፣ 5 በ120 ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። የቪትዝ አታምጡብኝ ብቻ።