ፀሐይ ለማይስማማው ልጅ፦ ቫይታሚን ዲ፣ ቤታ ካሮቲን ወይስ የዓሣ ዘይት?

ልጄ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም አለበት፤ ሐኪሞች በአጭሩ ኤክስ ፒ ይሉታል። አብሮት የተወለደ ነው። ፀሐይ የጎዳችውን የቆዳ ሕዋስ ሰውነቱ መጠገን አይችልም። የምንኖረው ደግሞ ድሬዳዋ ነው። ዘመድ ሁሉ «ይሄ ፍቱን ነው» እያለ ብልቃጥ ይዞ ይመጣል። ሦስቱንም ሞክሬያለሁና እናንተ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስሙኝ።

አንዳቸውም በሽታውን አያድኑም። ያድናል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ።

እኔ ዛሬም የምገዛው ቫይታሚን ዲ3 ብቻ ነው። ሰውነት ቫይታሚን ዲን የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ እኛ ደግሞ ልጁን ከፀሐይ ደብቀነዋል። ስለዚህ ለአጥንቱ ሲባል ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት። ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅ የተለመደው የቀን መጠን 600 ዩኒት ነው። ማሸጊያው በማይክሮግራም ከጻፈው 15 ማለት ነው። ለትንሽ ልጅ ከክኒን ይልቅ ጠብታ ይቀላል። ግን አንዷ ጠብታ ስንት ዩኒት እንደያዘች አንብቡ፣ ከምርት ምርት በጣም ይለያያል። 50,000 የሚለውን እንክብል በራሳችሁ እንዳትሰጡ። ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል። የደም ምርመራ አሠርታችሁ መጠኑን ሐኪም ይወስን። በስብ ስለሚሟሟ ከምግብ ጋር ስጡት።

ቤታ ካሮቲን የሚሰጠው ለሌላ በሽታ ነው። ፕሮቶፖርፊሪያ ይባላል፤ ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳቸው እንደ እሳት ለሚያቃጥላቸው ልጆች። ሁለቱንም ሰው «የፀሐይ አለርጂ» ስለሚል ይምታታል። ለእነዚያም ቢሆን ማስረጃው ደካማ ነው። በልጄ ላይ ያየሁት ለውጥ የመዳፉ ብርቱካንማ መሆን ብቻ ነው። ካሮትና ማንጎውን ከቀፊራ ገበያ ገዝታችሁ አብሉት።

የዓሣ ዘይትም የተሞከረው ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳቸው ውኃ ለሚቋጥር ጥቂት ልጆች ነው፣ ለኤክስ ፒ አይደለም። በተለይ የዓሣ ጉበት ዘይት የሚለውን ተጠንቀቁ፤ በውስጡ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ዲ አለው። ከዲ3 ጠብታ ጋር ሲደረብ ዲው ይበዛል፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ብልቃጡ ከተከፈተ ሽታው ቶሎ ይለወጣል።

ከዲ3 የተረፈውን ብር ሰንስክሪን፣ ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ግዙበት። የመስኮት መስታወት የፀሐይን ጨረር ሁሉ ስለማያግድ ጨረር የሚከለክል ላስቲክ ለጥፉበት። እኛ ያለን ለአንድ መስኮት ብቻ ነበርና እሱ በሚተኛበት ክፍል ጀመርን። ደግነቱ ድሬ የማታ ከተማ ናት። ጀንበር ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል፤ ልጄም ጠብታውን ወስዶ ኳሱን ይዞ ይወጣል።