ከፍሎ መሰለፍ፦ ስለ መርከብ ጉዞ «የቅድሚያ መሳፈሪያ» ማስጠንቀቂያ

የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ይዛችሁ ቀኑን የምትጠባበቁ ሁሉ፣ ኩባንያው «ትንሽ ጨምረው በቅድሚያ ይሳፈሩ» የሚል መልእክት ከላከላችሁ የባንክ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ከፍያለሁ፤ የከፈልኩትም ሰልፍ ለመያዝ ነው።

መልእክቱ የደረሰኝ ለጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀር ነበር። ፎቶው ላይ ባልና ሚስት ጭር ካለ መዋኛ ገንዳ ዳር ተጋድመዋል፤ ከሥሩ «የቀረው ቦታ ጥቂት ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ አነበበችና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብላኝ ሄደች። እኔ ደግሞ ሰልፍ ስለማልወድ ከፈልኩ። ለሁለታችን የወጣው ገንዘብ በዚያው መርከብ ላይ ለብቻቸው ከሚያስከፍሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ሁለት ሰው ደህና እራት ያበላል። የኩባንያውን ስም የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ሽያጩ ዘዴ ስለሆነ ነው።

በመሳፈሪያው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተርሚናሉ በር ደረስን። (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በመርከቡ ወረቀት ላይ 10፡30 የሚለው መሆኑ ነው።) በገመድ የተከፈሉ ሁለት መስመሮች አሉ። በቀኝ በኩል «ቅድሚያ» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ቆሟል፤ በግራ በኩል ምንም አልተጻፈም። ሰሌዳውን አይቼ ደስ እያለኝ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ ሰልፉን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከፊታችን ስድሳ ያህል ሰው ቆሟል። በስም የለሹ መስመር ያሉት ሃያ አይሞሉም። ከእነሱ መካከል የሕፃን ጋሪ የሚገፋ አንድ አባት ነበር፤ እኛ አሥር እርምጃ ሳንራመድ እሱ በሩን አልፎ ገባ።

ሰሌዳው አጠገብ የቆመችውን ሠራተኛ ጠየቅኋት። «ጌታዬ፣ ዛሬ ቅድሚያ ያላቸው መንገደኞች ብዙ ናቸው» አለችኝ፣ በትሕትና። ሁሉም ቅድሚያ ካለው ማን ማንን እንደሚቀድም ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት፤ ሰሌዳውን ያቆመችው እሷ አይደለችም።

ገብተንም አላለቀም። የዕቃ መፈተሻው ማሽን የከፈለና ያልከፈለ አይለይም፤ ፓስፖርት የሚያየው ሰውም እንደዚያው። ከዚያ አልፈን አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን፤ መርከቡ ገና ሰው መቀበል አልጀመረምና። ሲጀምር መጀመሪያ ስዊት የሚባለውን ሰፊና ውድ ክፍል የያዙት ተጠሩ፣ ቀጥሎ ከኩባንያው ጋር ደጋግመው በመጓዝ ደረጃ ያገኙት፣ ከዚያ እኛ። መርከቡን ስንረግጥ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

በዚያው ገንዘብ የተሸጠልን ሌላው ተስፋ ካቢናችን ቀድሞ እንደሚከፈትልን ነው። ስምንተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ወደ ካቢኖቹ የሚወስደው መተላለፊያ በከባዱ የእሳት መከላከያ በር ተዘግቷል። በሩ ላይ ክፍሎች የሚከፈቱት በ13፡30 እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ቅድሚያ ስለገዙ ሰዎች ወረቀቱ አንዲት ቃል የለውም። ትራስ የታቀፈ ሠራተኛ በሩን በክርኑ ገፍቶ ሲወጣ ካርዳችንን አሳየሁት። «ገና አንሶላ እየቀየርን ነው» አለኝና በሩ ከኋላው ተዘጋ። የእጅ ሻንጣችንን እየጎተትን ቡፌው ወዳለበት ፎቅ ወጣን። ባለጋሪው አባት መስኮት ዳር ተቀምጦ ልጁን እያበላ ነበር። ባለቤቴ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ተረቱን ስላልደገመችብኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

አሠራሩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። መርከቡ አዲስ መንገደኛ የሚቀበልበት ቀን የቀድሞዎቹን የሚያወርድበትም ቀን ነው። በአንድ ማለዳ ያለፈው ጉዞ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ክፍሎች ይጸዳሉ፣ ምግብና ዕቃ ይጫናል፣ ከሰዓት በኋላ አዲሶቹን ይዞ ይነሳል። የሕዝቡን ብዛት ለመገመት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ ጉዞ የጀመረውን «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» የተባለ መርከብ ውሰዱ፦ በየካቢኑ ሁለት ሁለት ሰው ሲያዝ 5,610፣ ጢም ብሎ ሲሞላ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። ይህን የሚያህል ሕዝብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወርዶ ሌላ ይህን የሚያህል ይሳፈራል። በአሜሪካ ወደቦች ደግሞ ያለፈው ጉዞ መንገደኞች ወርደው ቆጠራው ዜሮ እስኪሆን አዲስ ሰው አይገባም። አንድ እንቅልፋም ካቢኑ ውስጥ ከቀረ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ይጠብቀዋል። ጭጋግም እንዲሁ ነው። በቴክሳስ ጋልቭስተን በቀዝቃዛዎቹ ወራት ጭጋግ ሲወርድ የወደቡ መግቢያ ይዘጋና መርከቡ ከነመንገደኞቹ ባሕር ላይ ይቆያል፤ የእናንተ የቅድሚያ ካርድ ደግሞ ተርሚናል ውስጥ እጃችሁ ላይ ይሞቃል።

እንግዲህ ኩባንያው የሚሸጠው በሰልፉ ውስጥ ያለን ቦታ ነው። የሰልፉ ርዝመት ግን የሚወሰነው በምትደርሱበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ደግሞ በነፃ ትመርጣላችሁ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች የኢንተርኔት ምዝገባውን ከጉዞው በፊት፣ እንደየአሠራራቸው ከሳምንታት ቀደም ብለው ይከፍታሉ፤ ተርሚናል የምትደርሱበት ሰዓት የሚመረጠው በዚያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ፈጥነው ያልቃሉ። ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አጣርታችሁ፣ ፓስፖርታችሁን፣ የፊት ፎቶና የክፍያ ካርድ አዘጋጅታችሁ ከጠበቃችሁ ማለዳውን ያለ ምንም ጭማሪ ትይዛላችሁ። እኔ ይህን ምዝገባ የሞላሁት ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ነበር። ሰዓቱን አስቀድሜ በገንዘብ የገዛሁ መስሎኝ ተሞኘሁ።

ማለዳው ካመለጣችሁ ወደ ሌላው ጫፍ ሂዱ። በሚቀጥለው ጉዟችን ሰባት ሰዓት ተኩልን መረጥኩ። የቅድሚያው ገመድ ሥር አንድም ሰው የለም፤ ሠራተኛዋ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ከታክሲ ወርደን መርከቡ ውስጥ እስክንገባ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፣ ያ የእሳት በርም ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቀን። የቀረብን ነገር ቢኖር ከመጀመሪያው ምሳ ጥቂቱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከገንዳ ዳር ማሳለፍ ለምትወዱ ይህ ምክር አይሆናችሁም፤ ያ የየሰው ምርጫ ነው።

መዘግየትም ወሰን እንዳለው አትርሱ። ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳ መርከብ የመንገደኞቹን ዝርዝር ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድሞ ለጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ስላለበት መቀበያው ከመነሻው 60 ወይም 90 ደቂቃ ሲቀር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ልመና አይሠራም። መንገደኛ ሁሉ ለሚያደርገው የአደጋ ጊዜ ልምምድም ጊዜ ተዉለት። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የመዝናኛ መርከብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ከጣሊያን ጂሊዮ ደሴት ዳር ካለ ዐለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ የጊዜው ደንብ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበርና። እ.ኤ.አ. ከ2015 መባቻ ጀምሮ ግን ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም እንደተነሱ ወዲያው መደረግ አለበት። ከዚህ የሚያስቀር ቅድሚያ በየትኛውም ዋጋ አይሸጥም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክፍያው በካቢን ነው? በሰው ነው? ወይስ በሰው በቀን? ለምሳሌ ካርኒቫል የተባለው የመርከብ ኩባንያ «ፋስተር ቱ ዘ ፈን» የሚለውን የቅድሚያ አገልግሎት የሚሸጠው በካቢን ነው፤ ሌላው ኩባንያ ሮያል ካሪቢያን ደግሞ «ዘ ኪ» የሚለውን በሰው በቀን ያስከፍላል፣ ኢንተርኔትንም ያካትትበታል። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በሰው በቀን 20 ዶላር የሚል ዋጋ ብታዩ ሃያ ብር ኪስ ውስጥ እንዳለ ዝርዝር ይቀልላል፤ አራት ሆናችሁ ለሰባት ቀን ስትሄዱ ግን 560 ዶላር ነው። አንዱ ብቻ ገዝቶ ሌላው እንዳይተው፣ በካቢኑ ያለ ሁሉ እንዲገዛ የሚያስገድዱም አሉ። ጥቅሉ ውስጥ ኢንተርኔት ካለና ኢንተርኔቱን ለብቻው ልትገዙት ከነበረ የእሱን ዋጋ ቀንሱና የቀረውን ተመልከቱ። የቅድሚያው እውነተኛ ዋጋ ያ የቀረው ነው።

ጨርሶ አይጠቅምም ብዬ አልዋሽም። መርከቡ ወደብ ላይ ሳይጠጋ ባሕር ላይ ቆሞ በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ባሕር ዳር በሚያወጣባቸው ቦታዎች የቅድሚያ መብት ነፍስ አለው። በካሪቢያን ያለው የግራንድ ኬይማን ደሴት እንዲህ ነው፣ የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒም እንዲሁ። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ማለዳ ላይ የጀልባ ተራ መጠበቅ የአንድ ቀን ጉብኝትን ግማሹን ይበላል። ይሁንና የገዛችሁት ጥቅል ጀልባን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ የእኔ አይጨምርም ነበር። የባሕር ዳር ጉብኝት ከመርከቡ የገዙ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከሁሉ በፊት ይወጣሉ። ሳንቶሪኒ ላይ ደግሞ ከጀልባው ቀድሞ የወረደ ሰው ገደሉ አናት ላይ ወዳለችው ከተማ በገመድ የሚያወጣው የኬብል መኪና ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ያን ካልፈለገ ከ580 በላይ ደረጃ በእግሩ ይወጣል። ከኩባንያው የገዛችሁት ቅድሚያ እዚያ ዋጋ የለውም።

መቆም ለሚከብዳችሁ፣ ወይም አዛውንት ይዛችሁ ለምትጓዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ባለማወቅ የከፈሉ ሰዎች አግኝቼ በጣም አዝኛለሁ። ተሽከርካሪ ወንበርና ደጋፊ ሰው በመሳፈሪያ ቀን በነፃ የሚጠየቅ ነገር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ወደቦች ደንብ ቁጥር 1177/2010 አካል ጉዳተኛና መንቀሳቀስ የሚቸግረው መንገደኛ እርዳታው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ነው። ሌላም ቦታ ቢሆን ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። የያዛችሁት ካቢን ዓይነት ወይም የቀድሞ ጉዟችሁ ደረጃ ቅድሚያን አስቀድሞ ሰጥቷችሁ እንደሆነም በዚያው ጠይቁ። ያላቸውን መልሰው የገዙ አይጠፉም።

ለመውረጃው ቀን የሚሸጠው ቅድሚያ ደግሞ ሻንጣውን ራሱ መሸከም ለሚችል ሰው ከንቱ ነው። ሻንጣችሁን ማታ በር ላይ ሳታስቀምጡ በእጃችሁ ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ወራጆች ጋር ትለቀቃላችሁ፣ በነፃ።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ በኢንተርኔት የጉዞ ሒሳባችሁን ከፍታችሁ መሰረዣ መኖሩን እዩ፤ ብዙ ጊዜ መርከቡ እስኪነሳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ድረስ ይፈቀዳል፣ ከተሳፈራችሁ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቃል የተገባላችሁ ሳይፈጸም ቢቀር በዚያው ቀን፣ እዚያው መርከቡ ላይ ወደ እንግዳ መቀበያው ሂዱ፤ ቤት ገብታችሁ የምትጽፉት ደብዳቤ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ነው። የሰልፉንና የተዘጋውን በር ፎቶ ከነሰዓቱ ያዙ። እኔን መቀበያው ላይ የነበረው ወጣት «ማስረጃ አለዎት?» ሲለኝ ኪሴን ዳበስኩ፤ ስልኬ ሻንጣው ውስጥ ነበር፣ ፎቶም አላነሳሁም። ይቅርታ ጠይቆ የመርከቡን ካርታ ሰጠኝ።