ጭስ ይበላል የተባለው ቅብ የግድግዳዬን ቀለም በላ

ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለው የንግድ ቤቴ ፊቱ ወደ ዋናው መንገድ በመሆኑ የአይሱዙና የሚኒባስ ጭስ ቀኑን ሙሉ ያጥነዋል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው ሲደርቅ፣ በፀሐይ ብርሃን እየሠራ የአየር ብክለትን ይቀንሳል የተባለውን ቀለም የለሽ ቅብ ገዝቼ በነባሩ የፕላስቲክ ቀለም ላይ አስረጨሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ችግር አለፉ።

ሚያዝያ ላይ አንዲት ሐዘን ላይ ያሉ እናት ታክሲ ሲጠብቁ ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩ፤ ቀና ሲሉ ጥቁር ቀሚሳቸው ከትከሻ እስከ ወገብ ነጭ ዱቄት ሆኖ ነበር። እኔም ግድግዳውን በጣቴ ባብሰው እንደ ጠመኔ ለቀቀ። ቀለም ቀቢው መጥቶ በስፓቱላ ፋቅ አደረገና «ጋሼ፣ የለቀቀው ላዩ አይደለም፣ ከሥሩ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅቡ ውስጥ ያለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ማዕድን፣ ከ390 ናኖሜትር በታች የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት (ለዓይን የማይታይ የፀሐይ) ጨረር ሲያርፍበት፣ ከአየሩ እርጥበትና ኦክስጅን ጋር ተጋግዞ የመኪና ጭስ ውስጥ ያሉትን የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትሬቱንም ዝናብ ያጥበዋል። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ጭስን ከሌላው ለይቶ አያውቅም። የፕላስቲክ ቀለምን አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ራሱ ኦርጋኒክ፣ ማለትም በዚህ ኃይል ሊፈርስ የሚችል የካርቦን ውህድ በመሆኑ፣ በመካከላቸው የሚከላከል ሌላ ንብርብር ከሌለ ቅቡ የተቀመጠበትን ቀለም ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። በተራው ነጭ ቀለም ውስጥም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አለ፤ የዚያኛው ቅንጣት ግን ይህን እንዳያደርግ አስቀድሞ ሲሊካ ወይም አሉሚና በሚባሉ ማዕድናት ይሸፈናል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ሻጩ «የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ዕቃ የተፈጠረ ነው» ሲለኝ እውነቱን ነበር። ያው ፀሐይ ማፍረሱንም እንደሚያፈጥን ግን አልነገረኝም።

ያ ሻጭ ዛሬ ፊቴ ቢቆም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመረቀውን የሮምን ጁቢሊ ቤተ ክርስቲያን ፎቶግራፍ ለምን እንዳሳየኝ እጠይቀው ነበር። እዚያ ታይታኒየሙ የገባው በነጩ ሲሚንቶ ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ ማዕድን ስለሆነ በዚህ መንገድ አይበላም። «መከላከያው ንብርብር ዋጋውን ያስወድደዋል» ብሎ እንደሚመልስልኝ እገምታለሁ። ያስወድደው! ከነመከላከያው ስንት እንደሚያወጣ ነግሮኝ መወሰኑን ለእኔ መተው ነበረበት እንጂ ግማሹን ዕቃ እንደ ሙሉ አድርጎ መሸጥ አልነበረበትም። የመንገዱን አየር ያጸዳል ማለቱም ቢሆን ከልክ ያለፈ ነው፤ ቅቡ የሚሠራው ግድግዳውን በነካው አየር ላይ ብቻ ሲሆን፣ የብሪታንያ መንግሥት የአየር ጥራት ባለሙያዎች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያሉ ቅቦች የውጭውን አየር ብክለት በሚታይ መጠን እንደሚቀንሱ የሚያሳይ ማስረጃ እምብዛም አላገኘም።

ይህን ሁሉ ብዬም ዕቃውን ራሱን አልጠላሁትም። የተረፈውን ቅብ ያስረጨሁበት የጓሮ አጥር ቀለም ያልነካው የሲሚንቶ ልስን ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ በእጅ ቢታሸት ምንም አይለቅም፣ የዘንድሮ ክረምትም አጥቦት ካልተቀባው የጎረቤት አጥር ይልቅ ጎልቶ ነጥቷል። ስለዚህ የፊቱን ግድግዳ እስከ ልስኑ አስፍቄ ያንኑ ቅብ እንደገና ላስረጭበት ወስኛለሁ፤ የምገዛው ግን ብልቃጡን ከማውጣቱ በፊት ግድግዳዬን መጥቶ ከሚያይ፣ ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ ከሚጠይቅ ሻጭ ብቻ ነው።