ደሴ ላይ ባዮሎጂ የሚያስጠና ለምትፈልጉ፣ ለልጄም አስጠኚ ምስጋና

ሰላም ጀመዓ። እዚህ ብዙም አልጽፍም፤ ይህችን አስጠኚ ሳላመሰግን ብቀር ግን ይከነክነኛል።

ደሴ ውስጥ ትንሽ ሥጋ ቤት አለችኝ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ባዮሎጂ፣ በተለይ ስለ እንስሳት አካል የሚያወራው ምዕራፍ፣ አልገባ ብሏት ነበር። መጀመሪያ አንድ የማጠናከሪያ ቦታ አስገባኋት፤ ስሙን ተዉት። ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያሸክሟት ከረሙ። የአካል ክፍሎቹን ስም ሁሉ በቃሏ ትወርደዋለች፣ "ምን ማለት ነው?" ስላት ዝም።

ከዚያ ጎረቤታችን ቲቸርን ጠቆመን። የመጀመሪያ ቀን ቤት መጣች፣ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ዘጋችው። "ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችኝ። ሥጋ ቤት አልኳት። ሳቀች። "ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ? በሉ ለቅዳሜ የበግ ሆድ ዕቃ ያስቀምጡልኝ።"

እኔ ጨጓራና ሽንፍላ ለይቼ ስሸጥ ስንት ዘመኔ ነው። ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም ሲባልም እሰማለሁ። ያ ሁሉ ንብርብር ግን ውሃ ከምግቡ መምጠጫ መሆኑን ማን ነገረኝ! የበግ ሆድ አራት ክፍል ነው፤ ሣሩን ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚያፈርሱለት በጉ ራሱ ሳይሆን እዚያ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፣ እንደ እኛ ሆድ አሲድ ያለው አራተኛው ክፍል ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዶሮ። ዶሮ ያረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ የበግ ሳንባ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል፣ የዶሮ ግን ጎድኗ ላይ ተጣብቆ በጣት ነው የሚፋቀው። ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፍቀው ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም። ለካ የዶሮ ሳንባ እንደ እኛ አይነፋም። አየሩን የሚገፉት ሌሎች ስስ ከረጢቶች ናቸው፣ እሱም በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ስትተነፍስም ስታስወጣም ንጹሕ አየር አይቋረጥባትም። በግ ደረቱንና ሆዱን የሚለይ ስስ ሥጋ አለው፣ እሱን እያወረደ እያወጣ ነው የሚተነፍሰው፤ ዶሮ ያ የላትም።

ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ዓሣም ተከፍቷል። ልቡ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ደሙ ከልብ ወጥቶ መተንፈሻው ስንጥብ ላይ አየር ይዞ፣ ወደ ልብ ሳይመለስ በዚያው ወደ ሰውነት ይሄዳል። የእንቁራሪት ሦስት ክፍል፣ የበግና የዶሮ አራት። ልጄ ይህን በቃሏ አልያዘችውም፣ በእጇ ነው የቆጠረችው፤ እንቁራሪት እንኳ አላረድንም፣ እሱን በሥዕል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የትሉ ቀን ነው። ቄራ ላይ ሐኪሙ ያስጣለውን ጉበት ለምኜ አመጣሁላት፣ ጓንት አድርጋ ቀደደችው፣ ቅጠል የመሰሉት የጉበት ትሎች ወጡ። ልብ የላቸውም፣ ሳንባም የላቸውም። "ለምን ጠፍጣፋ ሆኑ?" ብላ ልጄን ጠየቀቻት። ዝም ስትል "አብሽሪ፣ አስቢው" አለቻትና ጠበቀቻት። ቆይታ ልጄ ራሷ ደረሰችበት፤ ሰውነቱ ስስ ስለሆነ የሚያስፈልገው ነገር ያለ ደም ሥር በቆዳው ሰርጎ ይደርሰዋል። አንጀት አለው፣ ግን ቀዳዳው አንድ ነው፤ በበላበት ያስወጣል። የኮሶ ትል ደግሞ የባሰ ነው፣ አፍም አንጀትም የለው፣ የሰው አንጀት ውስጥ ተኝቶ የተፈጨውን በቆዳው ይመጥጣል። ሥጋ ቆራጭ ሆኜ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች፣ እያሰባችሁ።

ፌንጣም ነበር። በ2013 መጀመሪያ የወሎን ማሽላ የጨረሰው አንበጣ የዚህ ዘመድ ነው። ሳንባ የለውም፣ ጎንና ጎኑ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው አየር የሚገባው፤ ደሙ አየር ስለማይሸከም ቀይ አይደለም። ልቡ ጀርባው ላይ፣ ዋናው ነርቩ ሆዱ ላይ። በግ ላይ ተገላቢጦሹ ነው፣ ህብለ ሰረሰሩ በጀርባ፣ ልቡ ከታች። ልጄ ማታ እራት ላይ ይህን ለታናሽ ወንድሟ ስታስረዳ ሰማኋት፤ ክፍያዬ የተመለሰ ያኔ ነው የመሰለኝ። ውጤቷም አልሐምዱሊላህ፣ ከ41 ወደ 83 ወጥቷል።

እውነቱን ለመናገር ታረፍዳለች። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። ግን ያረፈደችውን ያህል ቆይታ ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ አልቀየምኳትም። ሌላ ደግሞ ወላጅ መሃል ገብቶ ሲመልስ አትወድም፤ እኔን ሁለቴ ከክፍሉ አስወጥታኛለች፣ በገዛ ቤቴ።

ቲቸር፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።

የምታስጠናው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ጠዋት ነው፣ ከአምስት ተማሪ በላይ አትይዝም። ስልኳን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። የበግ ሆድ ዕቃና ልብ ለእሷ ተማሪ ከእኔ ሱቅ በነጻ ነው፤ ሐሙስ ንገሩኝ፣ ዓርብ አስቀምጣለሁ።