ሳይለኩ የጻፉት የደም ግፊቴ፦ የጂም ፓኬጅ ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ከበረደ "ይቅር፣ ማን ከእነሱ ጋር ይካሰሳል" ማለቴ አይቀርም። እነሱም የሚተማመኑት በዚሁ ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ ሰውነታችሁን ለማስተካከል "ከነአሰልጣኙ" የሚባለውን የጂም ፓኬጅ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። የቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ጉዳዩን ወደሚመለከተው ቢሮ ልወስደው ስለሆነ እዚያ ከነማስረጃው ይጠራል።

ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ ነው፣ ዙሪያው መስታወት ነው፣ ሙዚቃው ከደረጃው ጀምሮ ይሰማል። ቲክቶክ ላይ "በፊት" እና "አሁን" የሚል ፎቶ ይለጥፋሉ። ገና ስትገቡ አንዷ ልጅ "እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ" ብላ ውሃ ታቀርባለች። ዋጋ ትናገራለች፣ ፊታችሁን አይታ ትቀንሳለች፣ ቅናሹ ግን ዛሬ ማታ ያበቃል። ሁሌም ዛሬ ማታ ነው የሚያበቃው።

እኔ ለቁንጅና አይደለም የሄድኩት። 46 ዓመቴ ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ጉልበቴና ወገቤ ደረጃ ስወጣ ማማረር ከጀመሩ ቆይተዋል። ግፊቴ ከፍ ብሎ አምሎዲፒን የተባለውን መድኃኒት ስጀምር ሐኪሜ ጊዜ ወስዳ አስረዳችኝ። ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሴት ደግሞ የወር አበባዋ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚወርድ አጥንቷም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ መራመድ ብቻውን አይበቃሽም አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ይጨመርበታል።

መራመዱን ለብቻዬ እችለዋለሁ። ክብደት ማንሳት ግን ግፊት ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትንፋሽን አምቆ ከባድ ነገር ማንሳት ግፊትን በዚያው ቅጽበት ወደ ላይ ያወጣዋል። ከመሬት በድንገት ብድግ ማለትም የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ራስ ሊያዞር ይችላል። ትሬድሚል የትም አለ። 36 ሺህ ብር የከፈልኩት የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ እንዲያየኝ ነው። ውላችንም ይኸው ነበር፦ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በየቀኑ ግፊቴ ይለካል፣ በየሳምንቱ ክብደቴና የወገቤ ልክ ይወሰዳል፣ ሁሉም ፋይሌ ላይ ይጻፋል። "የእኛ ልዩነት ክትትላችን ነው እናቴ" ያለችኝ ያችው ውሃ ያቀረበችልኝ ልጅ ናት።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው አሰልጣኝ ጎበዝ ነበር። ልብ ሕመም አለብሽ ወይ፣ ደረትሽን ያምሻል ወይ፣ ያዞርሻል ወይ፣ መገጣጠሚያሽ ጋ ችግር አለ ወይ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ እያለ አንድ በአንድ ጠይቆ አስሞላኝ። ለካኝ፣ መዘነኝ፣ በትንሽ ክብደት ጀመረኝ። ስኳት፣ ማለትም ቁጭ ብድግ፣ ስሠራ ከጀርባዬ ወንበር ያስቀምጥልኝ ነበር። ስነሳ "ተንፍሺ" ይለኝ ነበር። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጠፋ። "ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሯል" ተባልኩ። በእሱ ምትክ አንድ ወጣት መጣ። ስሜን አልጠየቀኝም። "ማዘር" ብሎ ጀመረ፣ በዚያው ቀጠለ። ሥራውን ይነግረኝና ወደ ስልኩ ይመለሳል። በእኔ ሰዓት ሌላ ልጅ እያሠራ ቪዲዮ የሚቀርጽበት ጊዜም ነበር። ስጠይቀው "አንቺ እኮ አሁን ለምደሻል" ይለኛል። የግፊት መለኪያውን ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አላየውም። ሁለት ሦስቴ አንስቼበታለሁ፤ "ባትሪው አልቋል" ነው መልሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያን ዕለት በርፒ አሠራኝ። ለማታውቁት፣ መሬት መውረድ፣ መነሳት፣ መዝለል፣ ተመልሶ መውረድ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ራሴን አዞረኝ። ግድግዳውን ይዤ "ኮች፣ አዞረኝ፤ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ እኮ" አልኩት።

ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ስቡ ሲቃጠል ነው ማዘር። ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥዪ" አለኝ።

ስብ ሲቃጠል ሰው አያዞረውም። አሰልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ደንበኛው አዞረኝ ሲል ማድረግ ያለበት ማስቆም፣ ማስቀመጥና ግፊት መለካት ነው።

"መድኃኒቱ ፋይሌ ላይ ተጽፏል፣ አላየኸውም?" አልኩት።

"የቱ ፋይል?" አለኝ።

ይህን ሲለኝ ሄጄ ላሳየው ወሰንኩ። ቀስ ብዬ ወደ መቀበያው ሄድኩና ፋይሌን ጠየቅኩ። ልጅቷ ከሰው ጋር እያወራች ስለነበር ምን እንደምትሰጠኝ እንኳን ሳታይ አውጥታ ሰጠችኝ።

ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ የጤና መጠይቁ ነው፣ የራሴ እጅ ጽሑፍ። "አምሎዲፒን፣ በቀን አንድ ጊዜ" ብዬ ጽፌአለሁ። የመጀመሪያው አሰልጣኝ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ቀጥሎ የክትትል ካርዱ አለ። ሠንጠረዥ ነው፦ ቀን፣ ክብደት፣ የወገብ ልክ፣ የደም ግፊት፣ የደንበኛ ፊርማ።

ሁሉም ተሞልቷል። ክብደቴ 83፣ 82፣ 81 ተኩል፣ 80 እያለ ይወርዳል። እኔ ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ ሚዛን ላይ አልወጣሁም። የወገቤ ልክም አብሮ ይቀንሳል፤ ሜትር የያዘ ሰው አጠገቤ አልደረሰም። የደም ግፊቱ መስመር ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የጤነኛ ሰው ልክ ነው፦ 120/80፣ 120/80፣ 120/80። እስክሪብቶው አንድ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። አንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተሞላ መሆኑ ያስታውቃል።

ቀኖቹን ማየት ጀመርኩ። ገና ያልደረሱ ቀኖች አሉበት። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እኔ መጥቻለሁ፣ ግፊቴ 120/80 ነው፣ ፈርሜያለሁ። ፊርማው ደግሞ የእኔ አይደለም።

እዚያው ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ስልኬን አውጥቼ አንዱን ገጽ እንዳነሳሁ ልጅቷ ዘወር ብላ አየችኝ። "ይሄ የድርጅቱ ሰነድ ነው!" ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። አዎ፣ ነጠቀችኝ። ያች "እናቴ" ስትለኝ የነበረችው።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። እኔን አልጠየቀኝም፤ እሷን ነው የጠየቃት። "ሴትዮዋ ናቸው፣ ፋይል ፎቶ እያነሱ" አለችው።

"ይሄ እኮ ፎርማሊቲ ነው" አለኝ እየሳቀ። "ለራሳችን የምንሞላው ነው፣ አይጨነቁ።"

"የእኔ ደም ግፊት ነው ፎርማሊቲ?"

"እዚህ ጂም ነው፣ ክሊኒክ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ለካን ብላችሁ ጻፋችሁ?"

ለዚህ መልስ አልሰጠም። ብሬን መልሱልኝ ስል ካርዱን ዘረጋና በጣቱ እየቆጠረ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እንደሚያዩት አብዛኛውን ጊዜዎን ተጠቅመዋል። ውጤትም አምጥተዋል።" ራሳቸው የፈጠሩትን ቁጥር፣ ራሳቸው የፈረሙትን ፊርማ፣ መልሰው ለእኔው ማስረጃ አድርገው አቀረቡልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በዚህ ዕድሜዎ ከልጆች ጋር ከሚጨቃጨቁ ቀስ እያሉ ወክ ቢያደርጉ አይሻልም?" አለኝ። አሰልጣኝ ተብዬው ከኋላ ቆሞ ሳቀ። ሰው ሁሉ ይሰማል። እንባዬን እንዳያዩ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከፎቁ ወርጄ ጥግ ላይ ያለው ፋርማሲ ገባሁ። ባለሙያዋ ወዲያው አልለካችኝም። መጀመሪያ ወንበር ሰጥታ አሳረፈችኝ፣ እግርሽን አታጣምሪ አለችኝ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 158/96፣ ከፍ ብሏል። ደግማ ለካችኝ፣ ብዙ አልተለወጠም። አንድ ብር አልተቀበለችኝም። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። ብሩ ያናድዳል፣ ስድቡም ያማል። ግን ያን ቀን ዝም ብዬ ቀጥዬ፣ ወድቄ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ካርድ ለሐኪምም ለፖሊስም ለልጆቼም "ደህና ነበረች፣ 120/80 ነበረች" ብሎ ይመሰክር ነበር። ካርዱን የሚሞሉት ለእኔ ጤና አይደለም። እኔ አንድ ነገር ብሆን ራሳቸውን ለማዳን ነው።

ከአሁን በኋላ ማንም "ክትትል አለን" ቢለኝ አላምንም። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ሰው የሚያሠሩ ልጆች አሉ። መስታወት የላቸውም፣ ሰው ሲደክመው ግን ዘወር ብለው ያያሉ። እነዚህ ግን አየር ማቀዝቀዣ ገጥመው የሰውን ነፍስ በእስክሪብቶ ይጫወቱበታል።

የክፍያው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቤት ገብቼ ደረሰኙን ሳየው የማሽን ደረሰኙ የሚያወራው ስለ ጂም አባልነት ብቻ ነው። ለአሰልጣኙ የከፈልኩት ትልቁ ገንዘብ በባንክ የገባው ግለሰብ ስም ወዳለው ሒሳብ ነው። ሲያስከፍሉኝ "የአሰልጣኞች ለብቻው ነው የሚሰበሰበው" ብለውኝ ነበር። የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ ስላለ እሱንም አያይዘዋለሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለን። ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። በነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራት የመጠበቅ መብትም እዚያው ተጽፏል። ይህን ያነበብኩት ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ነው። ሰኞ ጠዋት የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነኝ። ፎቶው፣ ደረሰኙ፣ የባንኩ መልእክትና ከሐኪሜ የማገኘው ወረቀት አብረውኝ ይሄዳሉ።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ሙሉውን ክፍያ በአንድ ጊዜ አትስጡ፤ በየወሩ ክፈሉ። ብሩ በድርጅቱ ስም ወዳለ ሒሳብ ይግባ፣ ደረሰኙ ላይ "የግል አሰልጣኝ" የሚል ይጻፍበት። ግፊት ካለባችሁ መለኪያው የራሳችሁ ይሁን፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። አዞረኝ ስትሉ ቀጥሉ ለሚላችሁ አሰልጣኝ እሺ አትበሉ።

አሁን እንዲህ ዓይነት ፓኬጅ እየሠራችሁበት ያላችሁ ደግሞ ነገ ስትሄዱ ፋይላችሁን ጠይቁ። ክብደታችሁ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ፣ በስማችሁ ማን እንደፈረመ እዩ። ካርዱ የእኔን የሚመስል ከሆነ ከእጃችሁ ሳይወሰድ ፎቶ አንሱትና እናንተም አቤቱታ አስገቡ። አንድ ሴትዮ ብቻዋን ስትሄድ "ፎርማሊቲ ነው" ብለው ይሸኟታል፤ አቤቱታው ከብዙ ሰው ሲመጣ ግን ያን ካርድ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ማስረዳት ይኖርባቸዋል።